ሠላሳ ስምንት መስመር በቃል

ከሁሉ አስቀድሜ ልናዘዝ። በዚያ ሳምንት ማንም ሰው «ይህን ሥራ ያለ ፍሎፒ ሥራልን» ብሎ አልለመነኝም። አፌን የከፈትኩት ራሴ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ አፍ ደግሞ ወለም ያለው በስብሰባ መካከል፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ ስለሆነ ቅቤ ቀርቶ ወጌሻም የሚያቃናው አልነበረም።

ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የዞን መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ ስድስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ስድስተኛ ወር ማለት የሙከራ ጊዜ የሚያበቃበት ወር ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ አለቃችን አቶ ደምሰው ከሁለት አንዱን ይጽፋሉ፤ ወይ «ቋሚ ይሁን»፣ ወይ «ይሰናበት»። እናቴ ግን የአቶ ደምሰውን ብዕር አልጠበቀችም። ገጠር ተቀምጣ «ልጄ ቋሚ ሆነ» ብላ ለጎረቤቱ፣ ለማኅበርተኛው፣ ለገበያተኛው ሁሉ አውርታ፣ ለእሑድ የሚደርስ ሁለት ጋን ጠላ ጠንስሳለች። ይህንንም ሰው ልካ አስነገረችኝ። የሥራ ደብዳቤ ሊቀር ይችላል፤ የተጠነሰሰ ጠላ ግን ተመልሶ ገብስ አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ሥር ሉማሜ፣ ይጁቤና ደብረ ወርቅ ላይ አንዳንድ ቢሮ፣ በየቢሮውም አንዳንድ ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሮቹ ሪፖርት የሚልኩልን በስልክ መስመር ነው። የእነሱ ይደውላል፣ የእኛው ያነሳል፣ ሁለቱ ትንሽ ይንጫጩና ይግባባሉ። ሞባይል በወሬ እንጂ በኪስ ያልደረሰበት ዘመን ስለነበር ነገሩ እንደ ተአምር ይታይ ነበር። እኔም የተአምሩ ባለቤት መስዬ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

የሐምሌ የመጀመሪያው ሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ሲዲና አንድ ደብዳቤ መጣ። ሲዲው ውስጥ አዲስ የመገናኛ ፕሮግራም አለ። ደብዳቤው ደግሞ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት የሦስቱም ቢሮ ሪፖርት በአዲሱ ፕሮግራም መግባት እንዳለበት ያዛል። ከኋላው በአባሪነት አንድ ገጽ ተያይዟል፤ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ በእጅ የሚጻፍ ሠላሳ ስምንት መስመር። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጥብና ያዘመመ ሰረዝ የተደበላለቀበት፣ አንዷ ነጥብ ብትጎድል ኮምፒውተሩ የማይናገርበት ነገር ነው።

የእኛ ኮምፒውተር ሲዲ ያነባል። የወረዳዎቹ ግን ሲዲ የሚጎርሱበት አፍ የላቸውም፤ ያለቻቸው የፍሎፒ ቀዳዳ ብቻ ናት። ስለዚህ ፕሮግራሙን በፍሎፒ ከፋፍሎ መላክ ነው። አሥር ፍሎፒ ነበረን። ፕሮግራሙን ገለበጥኩባቸውና ወጪ እንዲደረጉ ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ለእትዬ የሺ አስረከብኩ።

እትዬ የሺ ሃያ ዓመት ሙሉ ማህተም ሲመቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ከሳቸው እጅ ያለ ማህተም ያለፈ ነገር የለም፤ ፖስታው፣ የካርቶኑ ጎን፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ለወረዳ የተላከ የግድግዳ ሰዓት ጀርባ ላይ መተዋል። ከሰዓት በኋላ ፍሎፒዎቹን ልወስድ ስሄድ አሥሩም በሥርዓት ተደርድረው ጠበቁኝ።

«ቶሎ አለቁልሽ፣ እትዬ የሺ» አልኳቸው። ስደሰት አንቺ እያልኩ ነው የማወራቸው፤ ለእሳቸውም እንደ ልጃቸው ነኝ።

«ምን ቶሎ፣ አስቸገሩኝ እንጂ። ፕላስቲኩ ቀለም አልይዝ አለኝ። በኋላ ብረቷን ወደ ጎን ሳንሸራትታት ውስጧ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ንጹሕ ቦታ አገኘሁ። ጥሩ አድርጎ ያዘ።»

ፍሎፒ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ያቺ ጥቁር ለስላሳ ቦታ ማለት የፍሎፒው ነፍስ ናት። ጣት እንኳ አይነካትም። በአሥሩም ነፍስ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ክብ ማህተም፣ ከነዙሪያ ጽሑፉ፣ ግጥም ብሎ አርፏል። እውነት ለመናገር አመታቱ ያምር ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሌላ ፍሎፒ እንዳይገዛ የሰኔ ሠላሳው በጀት ተዘግቷል፣ የሐምሌው አልተከፈተም። ቢከፈትም ሦስት ሱቅ ዋጋ ማቅረብ አለበት፤ በከተማው ፍሎፒ የሚሸጠው ደግሞ አንድ ሱቅ ብቻ ነው፣ እሱም ጨርሷል። አቶ ደምሰው መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ ለበላይ አልተቻለም ብለን መጻፋችን ነው» አሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ብድግ ብዬ «ያለ ፍሎፒም ይሠራል» አልኩ።

አቶ ደምሰው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞረው «ጻፍ» አሉት። «ባለሙያው ያለ ፍሎፒ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ለመጨረስ ቃል ገብቷል። የሙከራ ጊዜውም ውጤት በዚሁ ይታያል።»

እናቴና ሁለቱ ጋኖች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ማክሰኞ በሉማሜ ጀመርኩ። ሉማሜ ዋናው መንገድ ላይ ስለሆነች ቀላል ዘዴ መጣልኝ፤ ፕሮግራሙ ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ ካልቻለ ኮምፒውተሩ ወደ ፕሮግራሙ ይምጣ። የሉማሜው ጸሐፊ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ላይ በመስኮት በኩል ወንበር አስይዞለት ይዞት መጣ። ረዳቱ «ሕመምተኛ ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቆታል አሉ። በገመድ አገናኝቼ ፕሮግራሙን አስገባሁ፣ ሠላሳ ስምንቱን መስመር በእኛውም በእሱም ላይ ራሴ ጻፍኩ፣ በዚያው በጋቢው ተጠቅልሎ ወደ ሉማሜ ተመለሰ። ማታውኑ ደወለልን። እኔም አቶ ደምሰው ያመሰግኑኛል ብዬ በራቸው ላይ ሁለት ጊዜ አለፍኩ።

በሦስተኛው ጠሩኝ። የመንግሥት ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ፣ ያውም በጋቢ ተሸፍኖ፣ ከግቢ ወጥቷል መባሉን ሰምተዋል። «ከዛሬ ጀምሮ አንድም ኮምፒውተር ከተቀመጠበት ንቅንቅ እንዳይል» ብለው በቀይ ጽፈው ሰጡኝ። እኔ የኛውን ኮምፒውተር ይዤ ወደ ይጁቤና ወደ ደብረ ወርቅ ልሂድ የሚለውም ሐሳቤ እዚያው ሞተ። ቢኖርም የክረምቱ መንገድ ይገድለው ነበር።

ረቡዕ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። አሮጌው ፕሮግራም በሁለቱ ወረዳ ገና እየሠራ ነው፤ የእኛው ኮምፒውተር ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። ታዲያ አዲሱን በአሮጌው መስመር ለምን አልክም? ቀኑን ሙሉ ላክሁ። ይጁቤ ላይ አንድ ሰው የስልኩን እጀታ ባነሳ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀመራል። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ወንበር ገልብጠው ደፉበት። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም ቦታ ደረሰ። ከደስታ ብዛት ሳልተነፍስ እዚያው ከርቀት «ጫን» የሚለውን ነካሁት፤ መጀመሪያ የይጁቤን፣ ከዚያ የደብረ ወርቅን።

አዲሱ ፕሮግራም ወረዳ ላይ ሲጫን መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አሮጌውን ማጥፋት ነው። አሮጌው ጠፋ። አዲሱ ደግሞ ሠላሳ ስምንቱ መስመር እስኪጻፍለት ድረስ አይደውልም፣ አያነሳም። መስመሮቹን አስቀድሜ ልልክ ስችል አልላክሁም፤ በሉማሜው ኮምፒውተር ላይ በእጄ ስለጻፍኳቸው ትዝ አላሉኝም። የተቀመጥኩበትን ቅርንጫፍ ራሴ ቆርጬ፣ ሁለት ቢሮ በአንድ ምሽት አሳወርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ እንኳ የምትለቅመው ፊቷ ነው ያለው። የእኔው የፈሰሰው ይጁቤና ደብረ ወርቅ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አባሪውን ከእትዬ የሺ ፈርሜ ተዋስኩና ይጁቤ ደወልኩ። የይጁቤዋ ጸሐፊ ዓለምነሽ ትባላለች። በዞኑ እንደ እሷ የሚጽፍ የለም፤ ዓይኗን ጨፍና ትጽፋለች። አንድ በአንድ ነገርኳት፣ በወረቀት ያዘችው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው። አልሠራም። ደግመን አየን። አልሠራም። በሦስተኛው «ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አልኳት።

«ቀን» ብላ ጀመረች።

«የምን ቀን?»

«የዛሬውን ቀን ነዋ። ከዚያ ቁጥር። ከዚያ ጉዳዩ፤ የመገናኛ ፕሮግራምን ይመለከታል። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት፣ አታስብ።»

«ዓለምነሽ፣ መጨረሻውስ?»

«ከሰላምታ ጋር።»

ይህ ደብዳቤ አይደለም አልኳት። አጠፋችው። አሁንም አልሠራም፤ ለካ በየአምስት መስመሩ ባዶ ቦታ ትታ አንቀጽ አድርጋዋለች። እሱን ስታስተካክል ደግሞ «ድግግሞሽ ስለሆነ» ብላ ሁለት መስመር አስቀርታለች። በመጨረሻ ተቆጣች። «አሥራ አምስት ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ጽሑፍ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ባንተ ልጀምር?» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ሴትዮዋ ሥራዋን አብዝታ ስለምታውቅ ነው የቸገረኝ።

ተስፋ ቆርጬ ደብረ ወርቅ ደወልኩ። ወፍራም፣ የረጋ ድምፅ «አቤት፣ ማን ልበል?» አለኝ። ኃላፊው መስክ ወጥቷል። ኮምፒውተር የምትሠራዋ ልጅ አራስ ናት። ያሉት የግቢው ጥበቃ መሪጌታ ይትባረክ ብቻ ናቸው። መሪጌታ ዕድሜያቸውን በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት የጨረሱ፣ ቤተሰብ ሲበዛባቸው ግን ቀን ቀን ቢሮ ለመጠበቅ የተቀጠሩ ሰው ናቸው።

«ኮምፒውተር ነክተው ያውቃሉ፣ መሪጌታ?»

«አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ልጅቱ ስትሠራም ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ። አከፋፈቱን ይዠዋለሁ።»

«የእንግሊዝኛ ፊደልስ?»

«ከልጄ ደብተር ላይ ዘልቄዋለሁ። ሃያ ስድስት አይደለች? የእኛን ፊደል ለቆጠረ ምን አላት።»

ችግሩ ይህ ብቻ አልነበረም። የደብረ ወርቁ ስልክ ያለው ከላይኛው ቤት የኃላፊው ክፍል ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከግቢው ማዶ፣ ታችኛው ቤት። እኔ እየነገርኩ እሳቸው መጻፍ አይችሉም። «ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ» አልኳቸው።

«ለምኑ?»

«የምነግርዎትን እንዲጽፉት ነዋ። ሠላሳ ስምንት መስመር ነው።»

«ሠላሳ ስምንት ብቻ?» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። «ወረቀቱን ተወው። በል አንድ ስጠኝ።»

«መሪጌታ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?»

«እሱን ያለው በቃል ያልተማረ ነው። በል ስጠኝ፣ ልጄ።»

ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? የመጀመሪያዋን መስመር ሰጠኋቸው። ደገሟት። ሁለተኛዋን ሰጠኋቸው። ሁለተኛዋን ብቻ አይደለም የደገሙት፣ ከመጀመሪያዋ ጀምረው ነው። አምስት ሲሞላ አምስቱን አንድ ጊዜ ወረዱት። ድምፃቸው ቀስ በቀስ ዜማ እየያዘ ሄደ። ነጥቧ ጋ ሲደርሱ ያርፋሉ፣ ቁጥሮቹ ጋ ከፍ ይላሉ፣ ያዘመመችዋ ሰረዝ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ይጎትቷታል። እንዲህ እያሉ ሲሄዱ እኔም ሳላውቀው ተቀብዬ አዜም ጀመር። ከጎኔ ያሉት ሠራተኞች ብዕራቸውን አስቀምጠው ያዩኛል።

ሃያኛዋ ላይ «ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳዎ?» አልኳቸው።

«ትርጓሜው በጊዜው ይደርሳል። አሁን ንባቡን ስጠኝ።»

እንዲህ ብለው ስላዳኑኝ አመሰገንኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ትርጉሙን እኔም አላውቀውም ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በመጨረሻ ከአንድ እስከ ሠላሳ ስምንት ሳይተነፍሱ ወረዱትና «አሁን ልሂድ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ የስልኩን ገመድ ነቅለው፣ ታችኛው ቤት ወርደው በግቢው የተዘረጋውን መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ እንደሚጽፉ አውቃለሁ። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። አባሪውን ለእትዬ የሺ መለስኩ፤ እሳቸው ዘንድ ፋይል ውጭ አያድርም። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥር ተኩል አለፈ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ የእኛ ኮምፒውተር ተንጫጫ። ደብረ ወርቅ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ፣ አንድ ነጥብ ሳይዛነፍ። እኔ እንኳ በሉማሜው ላይ ሦስት ጊዜ ነው የተሳሳትኩት። በግቢው ዞሬ ዞሬ መጥቼ፣ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ እናገራለሁ።

ዓርብ ጠዋት ስለ ይጁቤ መሪጌታን አማከርኳቸው። «ቁጥሯን ስጠኝ» አሉ። ከዓለምነሽ ጋር የተባባሉትን በኋላ እሷው ነገረችኝ። አንድ መስመር ይሰጧታል፣ ታስተካክለዋለች፣ ከመጀመሪያው ያስጀምሯታል። እንደገና ታስተካክላለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በአራተኛው «ልጄ፣ ቃሉ የማን ነው?» ብለው ጠየቋት። «የባለሙያው» አለች። «እንግዲያው አንቺ ተቀባይ ነሽ። ተቀባይ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እኔ አንድ ፊደል ጨምሬ የኔታ ፊት ብቆም ኖሮ እስከ ዛሬ ተንበርክኬ ነበር።» ዓለምነሽ ዝም ብላ ጻፈች። ያለ ቀን፣ ያለ ጉዳይ፣ ያለ ሰላምታ። ነጠላ ሳይደርቡ ቤተ ክርስቲያን እንደ መግባት ነው የተሰማኝ ብላኛለች። አምስት ሰዓት ላይ ይጁቤ ደወለች።

ሦስቱም ቢሮ ተገናኝቷል። የቀረው ከሰዓት በኋላ ሪፖርቶቹን መቀበል ብቻ ነው። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ግን ሠላሳ ስምንቱን መስመር ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ሳደንቃቸው ቆየሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስም ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሻይ አዘዝኩ። የሻይ ክበቧ ሴትዮ ይህን ሁሉ ብርጭቆ አይታ አታውቅም። ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰካች። ፊውዙ ጧ አለ፤ መብራት ጠፋ።

ፊውዙ ሲጠገን ሰባት ተኩል ሆኗል። ኮምፒውተሬን አበራሁት። ላደንቀው የከፈትኩት ገጽ ባዶ ነው። ሠላሳ ስምንቱም መስመር የለም። እነሱ ከሌሉ ደግሞ የእኛው ኮምፒውተር አያነሳም፤ ሦስቱ ወረዳ ቢደውሉም የሚሰማቸው የለም።

ወደ መዝገብ ቤት ሮጥኩ። ተቆልፏል። እትዬ የሺ የእድራቸው ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄደዋል፣ ቁልፉም በመቀነታቸው ነው። ግማሹ መሥሪያ ቤት አብሯቸው ሄዷል። ለቅሶ ቤት ገብቼ ሐዘንተኛ መሐል «ቁልፍ» ልል አስቤ ነበር፤ እግሬ እንቢ አለኝ።

ለበላይ መሥሪያ ቤት ደወልኩ፣ አይነሳም። ለዓለምነሽ ደወልኩ፤ ያን ዝርክርክ ወረቀት ቀድዳ ጥላዋለች፤ ስልኩም ከኮምፒውተሩ ሩቅ ስለሆነ ከስክሪኑ እያየች ልትነግረኝ አትችልም። ሉማሜ አይመልስም። እሑድ የሚደርሰው ጠላ ሽታው አፍንጫዬ ላይ መጣ። ከዚያ፣ በሕይወቴ ከሁሉ ይልቅ ሞኝነት የተሰማኝ እዚያ ላይ ነው፣ ደብረ ወርቅ መደወል ትዝ አለኝ።

«መሪጌታ፣ የትናንቱ አለ?»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ከኔ ዘንድ ጠፍቷል። ወረቀቱም ተቆልፎበታል።»

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። «ቆመሃል ተቀምጠሃል?» አሉኝ።

«ተቀምጫለሁ።»

«ተነሣ። በል፣ አንድ።»

የሥራ ቦታዬ ስልክ ከኮምፒውተሩ ጎን ስለሆነ፣ እጀታውን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ፣ ቆሜ እየጻፍኩ ተቀበልኩ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እደግማለሁ። ቸኩዬ ሳልደግም ላልፍ ስል ያቆሙኛል። አሥራ ሰባተኛዋ ላይ «አንድ ነጥብ ዋጥክ» አሉኝ። አየሁት፣ እውነትም ውጫለሁ። እንዴት በጆሮ እንዳዩት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሠላሳዎቹ ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። አቶ ደምሰው ናቸው። ባለሙያቸው ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዜማ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ሲያዜም አገኙት። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እጄን አነሳሁባቸው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ አለቃው ላይ እጁን ሲያነሳ ያን ዕለት የመጀመሪያው ይመስለኛል። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሠላሳ ስምንተኛዋን ደግሜ ጨረስኩ።

«ይበል» አሉ መሪጌታ። ቅኔ ያማረለት ሰው ብቻ የሚባለውን ቃል ነው ያሉኝ። «አሁን እኔ ልውረድና ሪፖርቱን ልልቀቅልህ። ዝናቡ ግን ከብዷል።»

ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ዝናቡን ሰማሁት። ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ወዲያው ሉማሜ ደወለ፣ ገባ። ዘጠኝ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ይጁቤ ገባች፤ የዓለምነሽ ሪፖርት ከነቀኑ፣ ከነጉዳዩ፣ ከነሰላምታው እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ። ደብረ ወርቅ ዝም። አቶ ደምሰው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ መስኮቱን አያለሁ። አንድ የስድሳ ዓመት ሰው በጭቃ ግቢ ሲወርድ፣ ገመድ ሲሰካ፣ አንድ ቁልፍ በአንድ ጣት ሲፈልግ ይታየኛል። አምስት ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ። እናቴን አሰብኳት፤ ጋኑን ከፍታ «ጠላው ደርሷል፣ ልጄ ግን ቀረ» ስትል።

ኮምፒውተሩ ተንጫጫ። ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የደብረ ወርቅ ሪፖርት ሙሉ በሙሉ ገባ። እኔ ጮኽኩ፤ አልዋሽም፣ ጮኽኩ። ከኮሪደሩ ሰው እየሮጠ መጣ። ሰው የሞተ የመሰላቸውም ነበሩ፤ ለቅሶው ላይ ሌላ ለቅሶ ብለው።

አቶ ደምሰው ብዕራቸውን አወጡ። «ያለ ፍሎፒ» አሉ።

«ያለ ፍሎፒ።»

«እኚህ ሰውዬ የት ነው የተማሩት?»

«ቅኔ ቤት።»

ጥቂት አሰቡና ፈረሙ። ደብዳቤውን እትዬ የሺ ከለቅሶ ሲመለሱ ራሳቸው መቱበት፤ በመሐሉ፣ ቀጥ ብሎ። እሑድ ጠላው ደረሰ። ጥሩ ጠላ ነበር፤ እናቴ ግን «እኔማ አውቄው ነው የጠነሰስኩት» ከማለት በቀር ምንም አላለችም።

አዲሱ በጀት ተከፍቶ ፍሎፒ የተገዛው በጥቅምት ነው። የመጀመሪያዋን ፍሎፒ ሠላሳ ስምንቱን መስመር ጻፍኩባትና ጭቃው ደርቆ ስለነበር ራሴ ይዣት ደብረ ወርቅ ወረድኩ። መሪጌታን በግቢው በር አጠገብ ዳዊታቸውን ይዘው አገኘኋቸው። ከድምፃቸው ትልቅ ሰው መስለውኝ ነበር፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ፈገግተኛ ሰው ናቸው። ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፍሎፒዋን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ይቺ ሁሉንም ይዛለች፣ መሪጌታ። ዳግመኛ አንቸገርም።»

አገላብጠው አዩዋት። ብረቷን ሊያንሸራትቱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ስንት ዓመት ትይዛለች?»

«ከአቧራ፣ ከፀሐይና ከማህተም ከተጠበቀች አምስት፣ ስድስት ዓመት።»

«እኔ ዳዊትን የያዝኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሁን ስድሳ ሦስት ሞልቶኛል» አሉና መልሰው ሰጡኝ። «እስኪ አሥራ ሰባተኛዋን በል።»

እጄ ወደ ፍሎፒዋ ሄደ።

«እሷን ተዋት። ተነሣና በል።»

ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና አልኳት፤ ቁጥሩን ከፍ፣ ያዘመመችዋን ጎተት፣ ነጥቧ ላይ አረፍ። ነጥቧን አልዋጥኳትም። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ተፈርሞልኛል፤ ቋሚ ሠራተኛ የሆንኩት ግን ያን ዕለት፣ በዚያ በር ላይ ቆሜ ይመስለኛል።